አክስቴ ዘርፌና ውሾቿ

ዛሬ ጠዋት ሱዳን፣ ዶካ፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ሰሊጥ ሳስጭን እህቴ ደወለች። ስለ ቤት አስቤዛ ልትነግረኝ መስሎኝ "ቆይ መልሼ እደውላለሁ" ብዬ ልዘጋው ነበር።

ዘርፌ አረፈች አለችኝ።

የትኛዋ ዘርፌ አልኳት። ሌላ ዘርፌ እንደሌለችን እያወቅሁ።

ይሄን የምጽፈው ገዳሪፍ ገብቼ ከቀብሯ ተመልሼ ነው። በእጄ አፈር አልብሻት መጥቼ እንኳ ገና አላመንኩም።

ለማታውቋት፣ ዘርፌ የአባቴ እህት ናት። ገዳሪፍ ያለው ቤታችንና የእሷ ቤት የሚለያዩት በአንድ የሣር አጥር ነው። በረሃቡ ዘመን ከአርማጭሆ በእግር ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች። መራመድ ያቃታትን አያቴን ተሸክማ ድንበር ያደረሰቻት አንዲት አህያ ናት። ከተሻገሩ በኋላ አህያዋ ወደቀች፣ ጥለዋት ሄዱ። ዘርፌ ይሄን አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ ሁለተኛ አላነሳችውም።

ሰው ስትወቅስ ድምጿን ከፍ አታደርግም ነበር። ድመት ለሚደበድበውም፣ ፍየሉን ፀሐይ ላይ አስሮ ለሚረሳውም የምትለው አንድ ነው። "አፍ የለውም እኮ።"

አንድ ኸሪፍ፣ በክረምቱ ማለቴ ነው፣ ዝናቡ ሰፈሩን ጥቁር ጭቃ አድርጎት፣ በርሜል የተጫነበት የውሃ ጋሪ፣ እዚህ ካሮ የምንለውን፣ የምትጎትት አህያ በራችን ላይ ወደቀች። ባለካሮው ኢድሪስ የሚባል ሰው ነው። በዱላ ይላታል፣ አትነሳም። ዘርፌ ወጣች። አልተቆጣችውም። ነጠላዋን እንደለበሰች በዱላውና በአህያዋ መካከል ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ኢድሪስ ግራ ገባው። ሐጃ ተነሺ፣ ልብስሽ ተበላሸ ይላታል በዐረብኛ። አንገቷ ላይ ማተቧን እያየ ነው እንደ ሙስሊም እናት ሐጃ የሚላት።

"አንተ ፍታትና እኔም እነሳለሁ" አለችው።

ፈታት። በርሜሉን ሰው ተረዳድቶ አወረደው። የአህያዋን ቁስል በሞቀ የጨው ውሃ አጥባ የሰሊጥ ዘይት ቀባችላት። ከዚያ ወዲህ እንኳን ኢድሪስ፣ የሰፈሩ ባለካሮ ሁሉ ዓርብ ዓርብ የቆሰለ አህያውን እየነዳ እሷ ደጅ ይመጣ ነበር። "ሐጃን ጠይቋት" ይባባላሉ።

ውሾቹ ግን የራሷ ናቸው። ነብሮ፣ ዳማ፣ ሽማግሌው ቡሬ። ሁሉንም፣ ሰው ሜዳ ላይ ጥሏቸው ነው ያገኘቻቸው።

አሁን የማልወደውን ልጻፍ። ዛሬ ካልተጻፈ ነገ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ጦርነቱ ሲመጣ የሌላው ወንድሟ፣ የአጎቴ ልጅ ቤተሰቡን ይዞ ከካርቱም ሸሽቶ እሷ ቤት ገባ። ስሙን አልጠራም፣ ይሄን ያነበዋል። ክፍሏን ለቀቀችላቸውና እሷ ዳሱ ሥር መተኛት ጀመረች። እሱ ግን ውሾቹን ጠላቸው። ይጮኻሉ፣ ይሸታሉ፣ ለእንግዳ ያሳፍራሉ አለ። ከአንተ በፊት እዚህ የነበሩት እነሱ ናቸው አለችው። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎን ነበር።

ከዚያ ኩላሊቷን ታመመችና ሆስፒታል ተኛች። እሷ እዚያ እያለች ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ሰጣቸው። ኾሩ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ ዳር ተጥለው ያገኛቸው ኢድሪስ ነው። ቆፍሮ የቀበራቸውም እሱ ነው።

ከሆስፒታል ያመጣኋት እኔ ነኝ። ከረክሻው፣ ከባጃጁ፣ ሳትወርድ ስማቸውን ጠራች። ማንም አልመጣም። የአጎቴ ልጅ ጠፍተዋል አላት። ደግማ ጠራቻቸው። ቆየና፣ ለአንቺ ጤና ብዬ ነው መርዝ ያበላኋቸው፣ ለበሽተኛ ንጽህና ያስፈልጋል አለ።

"ከዚህ ቤት የወጣ ነው ብለው እኮ ነው የበሉት" አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሱ እጅ እህል አልቀመሰችም። በገዛ ቤቷ ተቀምጣ፣ እህቴ በአጥሩ ላይ የምታቀብላትን ብቻ ነበር የምትበላው።

ሕመሙ ሲጠናባት የነፍስ አባቷ መጡ። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ቂም ይዘሽ አትሂጂ፣ ልጅሽን ይቅር በዪው አሏት።

"እኔን የበደለኝን ትቼለታለሁ አባ" አለች። "የእነሱን ግን እኔ ልተውለት አልችልም። የሞቱት እነሱ ናቸው።"

አባ እጇን ይዘው ጸሎት ደገሙላት።

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ይቅር ብላኝ፣ መርቃኝ ነው የሄደችው እያለ ለለቀስተኛው ሲያወራ ሰማሁት። ስልኬን ስከፍት ደግሞ ፎቶዋን ለጥፏል። ነብሮን አቅፋ የተነሳችውን። "እንስሳት ወዳዷ እናታችን" ይላል። ከሥሩ ልብና አበባ ሞልቷል። እናንተ አታውቁም፣ አልፈርድባችሁም። እሱ ግን የትኛው ውሻ እንደሆነ ያውቃል።

አክስቴ፣ እኔ ነገ ወደ ዶካ እመለሳለሁ። እስከ ሦስተኛው ቀን ቆይ ብለውኛል። ከእሱ ጋር አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጬ እግዜር ያጽናህ ማለት ግን አልችልም፣ አንቺም ብትሆኚ አታስገድጂኝም ነበር። ረሃቡም ስደቱም ያልሰበሩሽን፣ አስጠግተሽ ያኖርሽው ሰው ሰበረሽ። ይሄ ከሆዴ አይወጣም።

ደህና ሁኚ የአባቴ እህት። ከቤትሽ በደህና አልሸኘንሽም። ከእንግዲህ ግን ደህና ሁኚ።