ሳልሰማው የቀረሁት ኮንሰርት

ይህ የደረሰብኝ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ እየተጫነ በየሱቁ በሚሸጥበት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የባሰም ደርሶብኛል። የባሰውን ግን ረስቼዋለሁ። ይህን መርሳት ያቃተኝ ያደረገችብኝ ሰው ጠላቴ ስላልነበረች ነው።

ሐያት ትባላለች። አባቷ ከጎንደር መጥተው ገዳሪፍ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። እኔ የስደተኛ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ካምፕ ገቡ፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ካደግሁ በኋላ ከተማ ወጥቼ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆንኩ። ማረፊያው ከነሐያት ሱቅ ፊት ለፊት ስለነበር ተዋወቅን፤ ሳንውል ሳናድርም የማንለያይ ሆንን።

ሱቁ ውስጥ ዘፈን የምትጭነው ሐያት ነበረች። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ አሮጌ ስልክ ሸጠላት። ሚሞሪውን ልታጠፋው ስትል ምን እንዳለበት ከፍታ ሰማችውና ከመንገዱ ማዶ ጮኻ ጠራችኝ።

«ጥሩየ፣ ነይማ! ዘፋኙ የቀረበት ዘፈን ላሰማሽ!»

እውነቷን ነበር። ጊታር ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ አንዲት ዜማ እየደጋገመ ይቆያል። አሁን ይዘፍናሉ ስንል አይዘፍኑም። ከዚያ ከበሮ ይገባል፣ ሌላ ጊታር ይጨመራል፣ ድምፁ እያደገ እያደገ ሄዶ ጆሮ ያደነቁራል። ድንገት ደግሞ ጭጭ ይላል። አሥር ደቂቃ ሙሉ አንድም ቃል የለበትም። መጀመሪያ ስንሰማው ሳቅን። በሁለተኛው አልሳቅንም። በሦስተኛው እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ግን መናገር አልችልም።

ኢንተርኔት ቤት ሄደን ስንፈልግ ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ፖስት ሮክ እንደሚባል አወቅን። ዓለም ላይ ብዙ ባንድ አለው። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ሥራችን እሱ ሆነ። መስመሩ ቀርፋፋ ስለነበር አንድ ዘፈን ለማውረድ ከሰዓቱ በሙሉ ይሄዳል። ስማቸውን ማንበብ ስለሚቸግረን የራሳችንን ስም አወጣንላቸው። አንዱን «የመፋዛ ጎርፍ» አልነው፤ መፋዛ ላይ ረሃድ ወንዝ በክረምት ሲሞላ እንደዚያው ነው፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ያስፈራል። ሌላውን «ሐጂ ሲቆጡ» ያለችው ሐያት ናት፤ አባቷን ማለቷ ነው።

እኔ የምወደው ቃል ስለሌለበት ነበር። የአረብኛው ዘፈን የባለ አገሮቹ ነው። የአማርኛው ደግሞ አይቼው ስለማላውቅ አገር ይዘፍናል። ይሄኛው ግን ከየት ነሽ አይለኝም።

አንድ ዓርብ ሐያት ስክሪኑን እያየች እጄን ጨምቃ ያዘችው። ከምንወዳቸው ባንዶች አንዱ ካርቱም ሊመጣ ነው። የውጭ አገር ሰዎች የባህል ማእከል ግቢ ውስጥ፣ ከዐስር ሰላት፣ ከከሰዓቱ ጸሎት፣ በኋላ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኮንሰርት ያቀርባል። ሁለታችንም ማንም ሰው ፊት ለፊታችን ጊታር ሲጫወት አይተን አናውቅም። የቀረን ሁለት ወር ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረንም። የት እንቆማለን? ከፊት ወይስ ከኋላ? ድምፁ ደረት ይመታል ይባላል፣ እውነት ነው? የሐያት አክስት ካርቱም ስላሉ እዚያ ልናድር ተስማማን።

ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ ርቆ ለመሄድ ተስሪህ የሚባል የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ልጠይቅ ሄድኩ። ጸሐፊው «ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ። «ሙዚቃ ለመስማት» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ፣ ሕክምና ብለሽ የሐኪም ወረቀት ብታመጪ እጽፍልሻለሁ። ለሙዚቃ ፈቃድ ሲሰጥ የት አየሽ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ለሐያት ስነግራት እሷም ሳቀች።

«ምን እውነቱን አናገረሽ? ተዪው፤ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ አለብስሻለሁ። አረብኛሽ ከኔ ይሻላል። ሴት ደግሞ ብዙም አይጠይቁም። ከጠየቁም እህቴ ናት እላቸዋለሁ።»

«እህቴ ናት ትያለሽ?»

«ወላሂ!»

አባቴ ያኔ ባሱንዳ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበር። ለእናቴ የሐያት አክስት ታመው ልንጠይቃቸው ነው ብዬ ዋሸኋት።

ጠዋት አውቶብስ ተሳፈርን። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጥን። የለበስኩት የሷን ሰማያዊ ቶብ ነበር። ቦርሳዬን ከሷ ቦርሳ ጋር ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። አንዱን ማዳመጫ እኔ፣ አንዱን እሷ ጆሯችን ውስጥ አድርገን እየሰማን ሄድን። ሜዳው ሁሉ ታጭዶ የተከመረ ሰሊጥ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፋው ከተማ ሳንደርስ ኬላ አለ። አውቶብሱ ቆመና አንድ ፖሊስ ገባ። ከፊት ጀምሮ ወረቀት እያየ መጣ። ገና ሁለት ወንበር ሲቀረው ሐያት ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅላ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ድምፁ ፖሊሱን እንዳይረብሸው መስሎኝ ነበር።

ጅንሲያዋን፣ የዜግነት ወረቀቷን ማለት ነው፣ ሰጠችው። አይቶ መለሰላት። ወደኔ ዞረ። እቤት ረስቼው ነው አልኩት፤ አረብኛዬ አልተሰናከለም። ሰውዬው ግን ሥራውን ያውቃል፤ ፊቴን አየና ወደሷ ዞረ።

«ካንቺ ጋር ናት?»

«ላ። ማ ባዕሪፋ» አለች። አላውቃትም ማለቷ ነው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ጨመረችበት። «ገዳሪፍ መናኸሪያ ነው መጥታ አጠገቤ የተቀመጠችው።»

አየኋት። እሷ የምታየው በመስኮት ወደ ውጭ ነበር። ፖሊሱ ውረጂ ሲለኝ ወረድኩ። ቦርሳዬ ጭኗ ላይ ነበር፤ ስጪኝ ማለት አልቻልኩም። ስጪኝ ብላት እንደምንተዋወቅ ይታወቅባታላ! እንደዚያ ሆኜ እንኳ የማስበው ለሷ ነበር።

አውቶብሱ ሄደ።

እዚያው ኬላው አጠገብ ረኩባ፣ የሣር ዳስ፣ ሥር ከሌሎች ከወረዱ ሰዎች ጋር አስቀመጡኝ። አንዲት ሻይ የምታፈላ የትግርኛ ተናጋሪ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ የእናቴ ነው። ሳልጠይቃት ሻይ ቀዳችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። «የት ስትሄጂ ነው፣ ጓለይ?» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ሙዚቃ ልሰማ ማለት አፈርኩ። «ለቅሶ» አልኳት።

«ውይ! ማን ሞቶብሽ?»

«ጓደኛዬ።»

እጄን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። እኔም በውሸት ለቅሶዬ የእውነቴን አለቀስኩ።

በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ መልሰው አሰሩን። አባቴ ከባሱንዳ መጥቶ ፈርሞ ያስወጣኝ በአራተኛው ቀን ነው። አጨዳውን ጥሎ ስለመጣ አለቃው በቦታው ሌላ ሰው አስገብቶበታል። የመጣው በሰሊጥ አቧራ እንደተሸፈነ ነበር። ፖሊሱ የት ስሄድ እንደተያዝኩ ነግሮታል፤ ምርመራ ላይ እውነቱን ተናግሬ ነበር።

«ለዘፈን?» አለኝ አባቴ።

ከዚያ ፊት ፊት እየሄደ ካምፕ ወሰደኝ። የእንግዳ ማረፊያውም ሌላ አጣቢ ቀጥሮ ቆየኝ።

ሐያት የመጣችው በሳምንቱ ነው። ቦርሳዬን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። እናቴ ሐያት እንደካደችኝ ስለማታውቅ ስማ አስገባቻት። ብቻችንን ስንሆን «ሄድሽ?» አልኳት።

«ሄድኩ።»

«እንዴት ነበር?»

ለምን እንደጠየቅኋት አላውቅም። መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር። ከዚያ መናገር ጀመረች። አራት ናቸው አለች፤ ከበሮ የምትመታው ሴት ናት አለች። የመፋዛን ጎርፍ ሲጫወቱ ድምፁ እውነትም ደረት ይመታል አለች። ዓይኗ እያበራ መጣ፤ እጇም እየተወራጨ ሄደ። እኔም ሰማኋት። ለጥቂት ደቂቃ ሁለታችንም ረስተነው ነበር። ድንገት ራሷን ሰምታ ነው መሰል ወሬውን አቋረጠች። ማልቀስ ጀመረች።

«የኔ ጅንሲያ እንዴት እንደወጣ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

አውቃለሁ። አባቷ በአንድ ሱዳናዊ ጎረቤት ዘር አስመዝግበው ያወጡት ወረቀት ነው። እህቴ ናት ብትል እህትሽ ለምን ጅንሲያ የላትም ይሏታል። ከዚያ የሷ፣ ከዚያ የአባቷ፣ ከዚያ የወንድሞቿ ይመረመራል። ሱቁም ቤቱም በዚያ ወረቀት ላይ ነው የቆመው።

«ታዲያ ለምን እህቴ ናት እላለሁ አልሽኝ?»

«ብቻዬን መሄድ ፈርቼ» አለች። «እውነቱን ብነግርሽ ትቀሪብኝ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ እቀር ነበር።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ሁለታችንም ወልደናል። አሁንም የምኖረው እዚሁ ነው፤ ባንድ ፊት ለፊቴ ሲጫወት አይቼ አላውቅም፣ ማየትም አልፈልግም። ቃል የሌለው ሙዚቃ ከሰው ስልክ ላይ ስሰማ ተነሥቼ እወጣለሁ።

ነገሩን ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። አላውቃትም በማለቷ አልፈርድባትም። ቀድማ ብታማክረኝ እኔው ራሴ እንደዚያ በያቸው እላት ነበር። የምፈርድባት ስላልነገረችኝ ነው። ቢመጡ እክድሻለሁ ብትለኝና እኔም ደፍሬ ብሳፈር፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በራሴ እግር እወርድ ነበር። እሷ ግን ፖሊሱን እንደዋሸችው እኔንም ዋሸችኝ።

ዛሬም ገበያ ላይ እንገናኛለን። ድሮ ሳታየኝ ከኋላ ሄጄ ነበር የማቅፋት። አሁን እጄን እዘረጋላታለሁ፤ እሷም ትጨብጠኛለች። ስለ ልጆች ተጠያይቀን እንለያያለን።