ኳሷ ከሄደች በኋላ

የባሏ ሸሚዝ ሁልጊዜ የሚተረተረው በአንድ ቦታ ነበር፤ በግራ ትከሻው፣ እጅጌው ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ስፌት ላይ። ልብስ ሰፊ ናትና ሰው ልብሱን በየት በኩል እንደሚጨርስ ታውቃለች። የቢሮ ሰው ክርኑን ይጨርሳል፣ ሾፌር ከወገቡ በታች ያለውን፣ ሐሳብ የሚያበዛ ሰው ደግሞ አንገትጌውን። እንደ ባሏ ያለ ቦርሳ ተሸካሚ ሸሚዙ ሊሳሳ የሚገባው ማንገቻው ከሚያርፍበት ከላይ ነው። የእሱ ግን ከጎን ነው የሚቀደደው፣ እየሮጠ ሳለ አንድ ሰው ከኋላ ይዞ እንዳስቆመው ሁሉ። ስንቴ ሰፋችው፣ ስንቴ በድርብ ክር አጠናከረችው። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጀባት።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ የጎልፍ ሜዳ ነው። እሷ ከበሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሠራተኞችን የደንብ ልብስ፣ የጉድጓዶቹን ባንዲራና የተገነጠሉ ጃንጥላዎችን ትጠግናለች። እሱ ከጉርምስናው ጀምሮ የአባላትን የጎልፍ ዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲከተል ኖሯል። ባልደረቦቹ ቁጥብ ይሉታል። ንግግሩ ቁጥብ፣ ሳቁ ቁጥብ፣ ምቱም ቁጥብ። ዱላው ኳሷን እንደነካ ቀጥ ይላል እንጂ እንደ ሌላው ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻው ላይ አይጠመጠምም። ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ሩቅ ግን አትሄድም።

አንድ ቀን በመስኮቷ አሻግራ ሲለማመድ እያየችው ነበር ነገሩ የበራላት። ዱላው ሲቆም ግራ ትከሻው ብቻውን ይደነግጥ ነበር። ያንን ሁሉ ኃይል በአየር ላይ ቀልቦ የሚያስቀረው እሱ ነው። እጇ ላይ የነበረው መርፌ ሳታስበው ቆመ። ይህንን ሁሉ ዘመን የሰፋችው የጨርቅ ቀዳዳ ሳይሆን የአንድ እንቅስቃሴ መጨረሻ ነበር።

ማታ ራት ሲበሉ ዱላውን ለምን እንደዚያ እንደሚያቆመው ጠየቀችው። መጀመሪያ ትከሻውን ሰበቀ፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ግን ተረከላት።

በእነሱ ጊዜ ተሸካሚ ዱላ ይሸከማል እንጂ አይመታበትም ነበር። ጉርምስና ደግሞ ክልክል አይሰማም። ከዕቃ ማከማቻው ጀርባ፣ በቆርቆሮው ግድግዳና በድንጋዩ አጥር መካከል፣ አንድ አልጋ የምታህል መተላለፊያ ነበረች። ጫፏ ላይ አሮጌ ፍራሽ ሰቅለው በተራ ወደዚያ ይመቱ ነበር። ችግሩ ዱላው ነው። ምትህን እስከ መጨረሻው ከለቀቅከው ዱላው ቆርቆሮውን ይመታል፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፤ ዘበኛው ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ኳሷ እንደተነካች ዱላውን ማስቀረት ተማሩ። አንደኛው ልጅ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ግድግዳውን በማስጮሁ ሁሉም ለአንድ ክረምት ከሥራ ተባረሩ፤ እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቆሮ ተብሎ ቀረ። በዚያች ጓሮ ያደገ ሰው ዛሬም ከሩቅ ይታወቃል። አባላቱ ይስቁባቸዋል። እነሱ ግን አንዱ የሌላውን ምት ሲያይ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ ሰላምታ ነው።

ማከማቻው ከፈረሰ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ቦታው ላይ ሣር በቅሎበታል።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ እንዳለ ይኖር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ትከሻው አልነሣ አለው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቦርሳ እንዳይነካ ከለከለው። የሜዳው ሽማግሌ አሰልጣኝም ጡረታ ሊወጡ ነበርና በቦታቸው እሱ እንዲተካ ጠየቁለት፤ ለጀማሪዎች ኳስ እያቀረበ፣ አቋቋማቸውን እያስተካከለ ለረጅም ጊዜ አግዟቸዋል። የሜዳው ኃላፊ ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። ተማሪ የአስተማሪውን አካል ነው የሚኮርጀው አለች፤ በእሷና በአባላቱ ኮሚቴ ፊት ቆሞ ሙሉ ምት ያሳይ፣ ካሳየ ቦታው የእሱ ነው። ካላሳየ አመስግነው ያሰናብቱታል። ቦርሳ ከማይሸከም፣ ከማያስተምርም ሰው ጋር ሜዳው ምን ያደርጋል?

እሱም ወደ ሽማግሌው ሄዶ በሆዱ የኖረውን ጥያቄ አወጣው።

«ጋሼ፣ ኳሷ አንዴ ከሄደች በኋላ የኔ እጅ የት ቢደርስ ለሷ ምን ይጠቅማታል? ከእጅ የወጣ ነገር አይደለም እንዴ?»

«ሊያቆም ያሰበ እጅ ከኳሷ በኋላ አይደለም የሚያቆመው ልጄ» አሉት ሽማግሌው። «ገና ሳይደርስባት ማቆም ጀምሯል። አንተ ሙሉ ምት መትተህ አታውቅም። እየፈራህ ነው የምትነካት።»

ያንን ለሚስቱ ሲነግራት ድምፁ የሌላ ሰው ሆነባት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጡ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ይለማመዱ ጀመር። እሷ ከተጣለ ባንዲራ ረዘም ያለ ጨርቅ ቀድዳ ዱላው ጫፍ ላይ አሰረችለት። ሲወነጭፈው ጨርቁ ይጮሃል፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ዱላው በፈጠነበት ቦታ ነው። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ጩኸቱ ኳሷ ከምትቀመጥበት ቦታ ወዲያ መሆን ነበረበት። የእሱ ግን ሁልጊዜ ወዲህ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ዝም።

«አሁንም ወዲህ ነው።»

«አንቺ በመርፌሽ ኳስ መትተሽ ታውቂያለሽ?» ይላታል ተናዶ።

«ወዲህ ነው አልኩህ።»

ቆርቆሮ፣ አሁንም ተሸካሚ የሆነው ያ የጓሮ ጓደኛው፣ አንድ አመሻሽ ላይ ሊጠይቃቸው መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየ። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለ። «ተይው እቴ፣ አትድከሚ። ይሄ ሰውዬ ሲሞትም መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀረው።» እሷ ሳቋ አመለጣት። ባሏም ሳቀ፣ በቁጠባ። ፈተናው ግን ቀርቦ ነበር።

ቆርቆሮ ከሄደ በኋላ ዱላውን ከእጁ ወሰደችና እስቲ ግድግዳው የት እንደሆነ አሳየኝ አለችው። የትኛው ግድግዳ ብሎ አልጠየቃትም። እጁን ዘርግቶ መዳፉን አየሩ ላይ ለጠፈው፤ ልክ የቀዘቀዘ ቆርቆሮ እንደሚነካ ሰው። ሳያመነታ፣ ሳይለካ። ባለቤቷ ከዚህ ግድግዳ ጋር ከእሷ ጋር ከኖረው ዘመን በላይ ኖሯል፤ ግድግዳው አብሯቸው ቤት ገብቷል፣ አብሯቸው ተኝቷል፣ እሷ አንድም ቀን አላየችውም።

ሄደችና በመዳፉ አጠገብ አለፈች። ተመልሳም አለፈች።

«እየው፣ አልፌዋለሁ» አለችው።

እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር፣ በዚያች ጓሮ አብረውት ከነበሩት ልጆች መካከል የቀሩት እሱና ቆርቆሮ ብቻ እንደሆኑ ነገራት። አንዱን በሽታ ወሰደው፣ አንዱን መንገድ፣ ሌሎቹ የት እንደወደቁ የሚያውቅ የለም። «ዱላውን ሳቆመው» አለ፣ «ሁሉም ከኋላዬ ተራቸውን ይዘው የቆሙ ይመስለኛል። ከለቀቅኩት… እንጃ።»

እሷ አጠገቡ ተቀመጠች። ጨርቁን ከዱላው ፈትታ እጇ ላይ ጠቀለለችው፤ በዚያን ቀን ከዚህ በላይ አላስመታችውም።

የፈተናው ጠዋት ደመና የለበሰ ነበር። ኃላፊዋና ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ከመምቻው ጎን ቆሙ፤ ሽማግሌው አሰልጣኝ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ተሸካሚዎቹ ቦርሳቸውን እያወረዱ መምቻውን ወደሚከልለው ገመድ ተጠጉ፤ ቆርቆሮም መካከላቸው ነበር። እሷ ሥራዋን ጥላ ከክፍሏ ወጣች።

የመጀመሪያዋን መታ። ቆመ። ሁለተኛዋን መታ። ዱላው ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደገና ቆመ፤ ትከሻው ሲደነግጥ ከሩቅ አየችው። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ከኮሚቴው አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ኃላፊዋ በለስላሳ ድምፅ፣ ከፈለግክ አንድ ጨምር አለችው፤ ስንብት መሆኑን ሁሉም ሰማ።

ኳሷን አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ገመዱ፣ ወደ ቆርቆሮ ተመለከተ። እንደ ልማዳቸው አንገቱን የሚነቀንቅለት መስሏት ነበር። ቆርቆሮ ግን አልነቀነቀም። ቀስ ብሎ ዞረና፣ ተራውን እንደሚለቅ ሰው፣ ጀርባውን ሰጠው።

ባሏ ዱላውን አነሣ።

ያኔ ያየችውን በኋላ ለሰው ለመናገር ስትሞክር ቃል ያጥራታል። ዱላው ወረደ፤ ኳሷን አገኘ፤ አልፏትም ሄደ። እጆቹ ወደማታውቀው ከፍታ ወጡ፤ ሆዱ ወደ ባንዲራው ዞረ፤ የቀኝ ተረከዙ ከመሬት ተነሣ፤ ዱላው ከጀርባው ሄዶ አረፈ። ከሃያ ዓመት በላይ አብራው የኖረችው ሰው አካሉ ይህንን ያህል ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር።

ኳሷ ወደ ቀኝ ተጠምዝዛ ዛፎቹ ውስጥ ገባች። ማንም ስለ እሷ አልጠየቀም።

«ቁም» አሉ ሽማግሌው፣ ከወንበራቸው ተነሥተው። «እንደዚሁ ቁም፣ ልጄ።»

ቆመ። ፊቱ ርሷል። ኃላፊዋ ወደ ኮሚቴዎቹ ዘወር አለች፣ ከዚያ ወደ እሱ፤ ጀማሪዎች ነገ ጠዋት እንደሚጠብቁት ነገረችው።

ተሸካሚዎቹ እየተሯሯጡ ጨበጡት። ቆርቆሮ መጨረሻ ላይ መጣ። ቀልድ የሚያመጣ መስሏት ጠበቀች። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሰልጣኝ» አለ፤ ቁጥብ አላለውም። እጁንም ለአባል እንደሚዘረጋው አድርጎ ዘረጋ። ባሏ እጁን ይዞ ሊለቀው አልፈለገም። ቆርቆሮን ግን ቦርሳው ይጠብቀው ነበር።

በማግሥቱ አብረው እስከ በሩ መጡ። እሷ ክፍሏን ከፈተች። እሱ ጀማሪዎቹ ወደተሰበሰቡበት ሜዳ አቀና፤ ምንም አልተሸከመም፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸውም አላወቀም። ተሸካሚዎቹ ተራ በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር በኩል ሲያልፍ እርምጃው ቀዘቀዘ። ጫፉ ላይ ለዓመታት የእሱ የነበረ፣ አሁን ሰው የማይቀመጥበት ቦታ ነበር። ወደዚያ አየ። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ፤ ሣሩ ላይ፣ ጤዛው ውስጥ፣ እያነሰ፣ እያነሰ።