ሚያ ሞልዬ

ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ፣ አንድ ጣልያናዊ አብራው ያለችውን ሴት «ሚያ ሞልዬ» ብሎ ሲያስተዋውቅ ሰማሁና አያቴ አባ ይማም ትዝ አሉኝ።

በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ የጣልያን ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ደርግ በወደቀ ዓመት ሴት አያቴ ዘሀራ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ልንጠይቃት ስንሄድ ዘበኛው፣ «አባት፣ ምንዎ ናት?» አላቸው።

በአማርኛ ማለቱ አሳፈራቸው መሰለኝ፣ «ሚያ ሞልዬ» አሉ።

«ምን ማለት ነው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«የኔ ሚስት» አሉ ቀስ ብለው።

ሮጬ ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት። በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ወላሂ! ሃምሳ ዓመት ለኔ ያላለውን ለዘበኛ ነገረው?»

አባ ይማም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ አንገታቸውን እንደደፉ በአማርኛ ደገሙላት።

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ፤ ባለቤቴ ቤት እየጠበቀኝ ነበር።