ለኤዶ ሆዳን ወገብ የሚሆን ሽጉጥ

ሥራ የጀመርኩበትን ቀን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የአዴር ጃማ ሱቅ ጣሪያ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተረፈ፣ ጥይት የበሳሳው ቆርቆሮ ነበር። ፀሐይ በየቀዳዳው እየገባች ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ ክብ ብርሃኖች ትበትናለች። ጠዋት የሚሰፋው ቆዳ ላይ ናቸው፤ ከሰዓት ግድግዳውን ይወጣሉ። ውጭ ሀርጌሳ ስትሠራ ትውላለች፤ ከየአቅጣጫው የመዶሻ ድምፅ ነው፤ የሲሚንቶ አቧራው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ያን ብርሃን እያየሁ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«አይተሽ ስትጨርሺ ወስፌው ያውልሽ» አሉኝ አዴር ጃማ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ዘመድ ባይሆኑም ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው። በስደት ዘመን ጅግጅጋ ኖረው አማርኛ ለምደዋል፤ ቀልድ ሲመጣባቸው ብቻ ያወጡታል። ሌላው ወሬያችን ሁሉ በሶማልኛ ነው።

እኔ ከድሬዳዋ ነው የመጣሁት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጠላ ጫማ እሰፋ ነበር፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ተነሥቼ መጣሁ። እዚህም ጫማ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን የሽጉጥ አፎት ነው።

«ጫማ ቤት ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ጫማ ነው እንጂ፤ የብረት ጫማ።»

ለማጅ መጀመሪያ ክር ሰም ይቀባል። ከዚያ ስፌት ይሰጠዋል። ቆዳ መቁረጥ የአዴር ጃማ ብቻ ነው። የሱቁ ሕግ አንድ ነው፤ ጥይት አይገባም። ደንበኛ በሩ ላይ ጥይቱን አውጥቶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ጣሳዋ ስታቃጭል ደንበኛ እንደመጣ እናውቃለን።

የአዴር ጃማ አሠራር ሌላ ቦታ አላየሁም። ሽጉጡን ለክተው ልኩን ከእንጨት ይጠርባሉ፤ ሆዱን ፈልፍለው ከአሮጌ ባትሪ የወጣ እርሳስ አቅልጠው ይሞሉታል፤ ክብደቱ ከብረቱ ጋር እኩል ይሆናል። ደንበኛው መጀመሪያ እንጨቱን ታጥቆ ይከርማል። ሲቀመጥ፣ መኪና ሲሳፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲሰግድ ይወጣ እንደሆነ ይታያል። ድሮ አንድ ነጋዴ መስጊድ ውስጥ ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ ሽጉጡ ከብብቱ አምልጦ ከፊቱ የሚሰግደው ሰውዬ እግር ስር ሄደ። ሰውየው ሶላቱን ሳያቋርጥ በተረከዙ መልሶ ገፋለት ይባላል። ከዚያ ወዲህ የአዴር ጃማ ደንበኛ እኛው ሱቅ ውስጥ ባለው ምንጣፍ ላይ ሳይሰግድ አፎት አይወስድም።

አንድ ቀን ጣሳዋ ብዙ ጊዜ አቃጨለች። የገባው ዳውድ ነበር፤ የቀድሞ ተዋጊ፣ ያን ጊዜ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ። ከኋላው እህቱ አሉ፤ አዋላጇ ኤዶ ሆዳን። ኤዶ አክስት ማለት ነው። የስደት ተመላሾች ከሰፈሩበት ከሼክ ኑር እስከ ከተማው ሌላ ዳር የሳቸው እጅ ያልተቀበለው ሕፃን ማግኘት ይከብድ ነበር። በዚያው ሰሞን ከምጥ ቤት ሲመለሱ ዘራፊዎች መንገድ ላይ አስቁመው ቦርሳቸውን ቀምተዋቸዋል።

ዳውድ ሦስት ሪቮልቨር ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «አንዷን ትምረጥ። ካልታጠቀች ግን ከቤት አትወጣም። ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

«እኔን የሚጠሩኝ እንዳዋልድ ነው» አሉ ኤዶ ሆዳን።

«አዋልጂ። ታጥቀሽ አዋልጂ።»

ወንድማቸው ታናሽ ነው፤ ግን የሚኖሩት እሱ ቤት ነው፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ሥራቸው መቀጠሉ በዚያች ጠረጴዛ ላይ በሚመረጠው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አዴር ጃማ አንድ በአንድ አነሡ። ትልቋ አፈሙዟ ረጅም ነው፤ ሴት ልብስ ስር አትገባም። ሁለተኛዋ ልኳ ደህና ነው፤ መምቻዋ ግን ከኋላ እንደ ቀንድ ወጥቷል፤ ሴቶቹ በሚለብሱት ስስ ቀሚስ፣ በድሪያ ውስጥ ጨርቁን ይዞ ይቀራል። ሦስተኛዋ አፈሙዟ ከአውራ ጣቴ አትረዝምም፤ መምቻዋ ውስጥ የተሸሸገ፣ የጥይት ከበሮዋ ጠባብ፣ እጀታዋ ክብ። የብርሃን ክብ አንዱ እላይዋ ላይ አርፎ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አማረችኝ። የወንዝ ጠጠር ነበር የምትመስለው።

«ይቺ ናት» አሉ አዴር ጃማ። ማንም አልተከራከረም።

እንጨቷ ተጠረበች። ኤዶ ሆዳን ሊለማመዱ ሲመጡ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሠርንላቸው። «ለውዱእ እግሬን በታጠብኩ ቁጥር ልፈታት ነው?» አሉ። ብብታቸው ስር አደረግነው፤ የቦርሳቸው ማንገቻ የሚያልፈው በዚያ ነው። በመጨረሻ ወገባቸው ላይ ወደ ፊት ጠጋ አድርገን አሠርነው። ምንጣፉ ላይ ሰገዱ፤ አልወጣም፤ ከላይም አይታይም።

«ማሻአላህ» አለ ዳውድ። «አለቀ።»

«አላለቀም» አልኩ። «ሥራ ላይ አላየናቸውም።»

አዴር ጃማ በአማርኛ «ምላስሽን ሰም ቀቢው» አሉኝ። ግን ወስፌውን ከእጄ ተቀብለው ሂጂ አሉኝ።

ወደ ሼክ ኑር አብረን ሄድን። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ንፋሱ ቀይ አቧራ እያነሣ ቤቶቹን አንዴ ያሳየናል አንዴ ይሸሽግብናል። ግማሾቹ ጨርቅና ጣሳ ናቸው፤ ግማሾቹ ግድግዳቸው ወጥቶ ጣሪያ ይጠብቃሉ። ኤዶ ሆዳን ፈጠን ፈጠን እያሉ ይሄዳሉ፤ የእንጨቷ ክብደት በቀኝ በኩል ትንሽ ያጋድላቸዋል። በህልም ውስጥ አንድ ሰው የምከተል ይመስለኝ ነበር።

ወላዷ ልጅ እግር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ውስጥ ያለው ብርሃን አረንጓዴ ነበር፤ በሸራው በኩል ነው የሚገባው። ኤዶ ሆዳን ፊት ለፊቷ ተንበረከኩ። ምጡ ሲበረታባት ልጅቷ ወደ ፊት ወድቃ ወገባቸውን አቀፈቻቸው። ጣቶቿ በልብሳቸው ላይ እየዳበሱ ሄደው የእንጨቷን እጀታ አገኙና ጨበጡ። መያዣ ያገኘች መስሏታል። የእጇ አጥንት እስኪነጣ ጨበጠች፤ ጎተተች፤ ስፌቱ ሲንቋቋ ሰማሁ።

ኤዶ ሆዳን አልተነቃነቁም። እጃቸውን በጀርባዋ ላይ እያስኬዱ «ያዢ ልጄ፣ እንጨት ነው፣ ያዢ» አሏት።

ልጅቷ አሁንም ይዛለች። ሕፃኑ ሲመጣ ነው የለቀቀችው። ወንድ ነበር። ኤዶ ሆዳን ጠቅልለው ሆዳቸው ላይ ሊያስጠጉት ሲሉ ጭንቅላቱ በትክክል እንጨቷ ያለችበት ቦታ ላይ አረፈ። እኔን አዩኝ። ወደ ግራ አዞሩት።

በመንገድ ላይ ቆመው «እናቶች ሁሉ እዚያ ነው የሚይዙኝ» አሉ።

ሱቅ ስንደርስ ዳውድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያየሁትን እንዳየሁት ነገርኩት።

«ከኋላ ይታሰርላታ» አለ።

«ከኋላም የሚያቅፏቸው አሉ። ምጥ የያዛት ሴት ቦታ አትመርጥም። እጇ ውስጥ የገባው ብረት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነግርህ ሌላ ነበር።»

«እንግዲያው ቤቷ ትቀመጣለች።»

ኤዶ ሆዳን ወለሉን እያዩ ነበር። እንደዚያ አንሰው አይቻቸው አላውቅም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ሽጉጧ ጥሩ ናት። ልብሳቸውም ጥሩ ነው። ከሥራቸው ጋር ነው የማትሄደው። አንተን ግን ምጥ የያዛት ሴት አታቅፍህም። አንተ ታጠቃትና አብረሃቸው ሂድ።»

አዴር ጃማ ሳላቸው መጣ። ዳውድ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። «ሱቄንስ? እኔ ምጥ ቤት ደጃፍ ላይ ልቀመጥ?»

«ቆርቆሮህን የሚጠብቅ ግድግዳ እዚያ ሞልቷል» አሉ ኤዶ ሆዳን። ቀበቶውን ፈቱ፤ እንጨቷን ከነመለማመጃ አፎቷ ጉልበቱ ላይ አኖሩለት። «ለሁሉም የነገርከው እንድጠበቅ አይደል? ጠብቀኝ።»

የጣሪያው ብርሃኖች ግድግዳው ጫፍ ደርሰው ነበር። ከዚያ ዳውድ ተነሣ፣ ታጠቀ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ምንጣፉ ላይ ወጥቶ ሰገደ። አልወደቀችም።

ለዳውድ ወገብ የሚሆነውን የሽጉጧን አፎት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን የጨረስኩት የመጀመሪያ ሥራዬ። ኤዶ ሆዳንን ከዚያ በኋላ ማንም መንገድ ላይ አላስቆማቸውም። ዳውድ በየቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሻይ ያመጡለታል። ውስጥ ያሉት ሲጣደፉ የወላዷን ትልልቅ ልጆች እላዩ ላይ ይጥሉበት ጀመር። አንድ ቀን ተናዶ መጣ።

«ሙና፣ ልጅ ሳቅፍ ሽጉጧ ትወጋኛለች። ወደ ኋላ አዙሪልኝ።»

አዞርኩለት።

ዛሬም ሽጉጥ አስመርጪኝ ብሎ የሚመጣ አለ። መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ሲሠራ እንደሚውልና ማን እንደሚያቅፈው ነው። ብረቱን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።