ሽማግሌ የላከብን ኮሌጅ

ያ ትንሽ ኮሌጅ ልጄን ካልወሰድኩ ብሎ ሲለማመጥ ገና ዱሮ ጠርጥሬ ነበር። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሲልክብን፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ ያለው የፖስታ ሳጥናችን አፉን መዝጋት አቃተው። በእኛ ደንብ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ በላይ በላዩ የሚልክ ቤተሰብ የሚደብቀው ነገር አያጣም።

ደግሞ ስመ ጥር ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያልጠየቅሁት የለም፤ አንድም ሐበሻ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ፍሪድሊ የምሠራበት ፋብሪካ ያለው ፈረንጅ አለቃዬ ግን ስሙን ስነግረው ሊሰግድ ምንም አልቀረው። ይኼ ጭራሽ አስፈራኝ።

ልጄ ውሳኔዋን የምታሳውቅበት ሳምንት ነበር። ወይ እዚያ፣ ወይ እኔ የመረጥኩላት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ፣ ነርሲንግ። የሙሽራ ቤት ደግሞ ሳይነገረው ነው የሚታየው። ስለዚህ ስንቱን ጋብቻ በአንድ ጥያቄ ያፈረሱትን የባለቤቴን አጎት ከዌስት ሴንት ፖል ጫንኩና ከልጄ ጋር ሦስት ሆነን ሄድን።

ግቢው ከመጠን በላይ ያምራል። ሣሩ በማበጠሪያ የተበጠረ ይመስላል። እንግዳ እያዞረ ግቢውን የሚያስጎበኝ አንድ ተማሪ ተቀበለን።

"ምንድን ነው የምትማረው?" አሉት አጎት በእንግሊዝኛቸው።

"ፍልስፍና።"

"ስትጨርስስ ምን ትሆናለህ?"

"እያሰብኩበት ነው።"

አጎት በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ። "ይኼን ሁሉ ዘመን አስተምረውት ገና እያሰበ ነው።"

ከዚያ አንድ ክፍል አስገቡን። ተማሪዎቹ እንደ ማኅበርተኛ አንድ ጠረጴዛ ከበዋል፤ መምህሯ ሁሉንም በስም ትጠራለች። መደበቂያ የለም። ፈረሱን ሸጦ በየቀኑ ሊያየው ስለሚሄድ ሰው አንድ አጭር ታሪክ አነበበች፤ ከዚያ ልጄን "አንቺስ ምን መሰለሽ?" አለቻት።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሐኪም ቤትም ሆነ ባንክ፣ ለልጄ የምመልስላት እኔ ነኝ። "እሷ እንኳን ትንሽ ዓይን አፋር..." ብዬ ጀመርኩ።

"እሷን ነው የጠየቅኳት" አለች መምህሯ፣ ፈገግ ብላ።

ልጄ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ሰው ሁሉ ጠበቃት። አሁን በምትማርበት ትምህርት ቤት ከኋላ ስለምትቀመጥ፣ ስሟን በቅጡ የማያውቅ አስተማሪ ሞልቷል። እኔም እቤት ከ"ኦኬ" የዘለለ ቃል አላገኝባትም።

"ፈረሱን አይመስለኝም የናፈቀው" አለች። "እሱን የሚጠብቅ መኖሩን ነው።"

አንዱ ተቃወማት። መለሰችለት። ሌላዋ ገባች፤ ለእሷም መለሰችላት። አጎት ጆሯቸው ላይ ያለውን የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ ከፍ አደረጉት።

መኪና ውስጥ፣ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ አልገባኝም እንዳልል ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ "አባዬ፣ እዚህ ነው የምማረው" አለችኝ።

"ስትጨርሺስ ምን ትሆኛለሽ?"

"እያሰብኩበት ነው።"

አጎት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እናቷ ደውላ ምን እንደ ወሰንን ስትጠይቀኝ፣ ስልኩን ወደ ኋላ ወንበር ለልጄ አቀበልኩ።

ያ ሣር ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።