የእናቴ ወገብ

ባለፈው ወር ወገቤ ጠንቶብኝ ለሕክምና ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ነበር። ከቴፒ በሚኒባስ የተጓዝኩት በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ነው። ሹፌሩ መልካም ልጅ ነው፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ጋሼ፣ ያዙ!» ይለኛል። ጉድጓዱ ግን ሁልጊዜ ከማስጠንቀቂያው ይቀድም ነበር። ራጅ ተነሳሁ፣ መድኃኒት ተጻፈልኝ፣ በመጨረሻም ልጄን የምታክል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ላኩኝ። ቅባት ቀብታ ታሸኛለች ብዬ ስጠብቅ ከመደርደሪያ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን ነው የሚያነሱት፣ ጋሼ።»

«በዚህ ወገብ?»

«ለዚህ ወገብ ነው እንጂ!»

ብረቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ። እሷ እየጻፈች መጠየቋን ቀጠለች። መቼ ጀመረዎት፣ ወደ እግር ይወርዳል ወይ፣ ሲያስነጥሱ ይብሳል ወይ እያለች ቆይታ፣ «ከቤተሰብ ወገቡን የታመመ ሰው ነበር?» አለችኝ። ብረቶቹን እንደያዝኩ ሐሳቤ ወደ ቴፒ፣ ወደዚያ የደርግ ዘመን ጭንቀት ተመለሰ።

ጀርባዬ መጣመም የጀመረው በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ገደማ ነው። ማንም አልመታኝም፣ ከዛፍም አልወደቅኩም። ጥላ የበዛበት የቡና ችግኝ ወደ ብርሃን እንደሚያዘነብል አከርካሪዬ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቀኝ ሄደ። ቀኝ ትከሻዬ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ሸሚዝ ስለብስ በቀኝ በኩል ያጥራል። እናቴ ልብስ ሰፊው ዘንድ በወሰደችኝ ቁጥር «በቀኙ ሁለት ጣት አስረዝመው» ትለዋለች፤ እሱም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያስረዝመዋል። እንዲህ ተሰፍቶ ሸሚዜ ሰው ሲያየው ቀጥ ያለ ይመስላል። የትምህርት ቤት ልጆች ግን በሸሚዝ የሚታለሉ አልነበሩም፤ «ጠማማው» ብለው ስም አወጡልኝ።

ስሙን ለመድኩት፤ ሕመሙን ግን ማን ይለምደዋል? ቴፒ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ወገቤ ከደመናው ቀድሞ ያውቃል። ጠዋት ከመኝታ የምነሳው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ግንድ ተንከባልዬ ነው። ጫማ ማሰር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ማስነጠስ ሲመጣብኝ የቅርቡን ምሰሶ አቅፌ እይዛለሁ። ይህን ሁሉ «ብርድ ነው» እያልን እናልፈዋለን፤ በእኛ ሰፈር ከወገብ በታችም በላይም ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ብርድ ነው።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ የቡና መጋዘን ለቃሚ ነበረች። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜ ተሾመ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ስለዚህ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የወጣት ምልመላ በየቀበሌው ሲጀመር፣ ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሸሹበት ጫካ ሲያማርጡ፣ የኔ እናት ብቻ እፎይ ብላ ታድር ነበር። ወገቤን በቅቤ ስታሽልኝ የጀርባዬን ጉብታ በመዳፏ ትዳብስና፣ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ይህችን ለኔ ብሎ ነው የሠራት» ትላለች።

እኔ ድግሱን አልፈለግኩትም። የዐሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ መሞት ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠማማ መባል ምን እንደሆነ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ቀጥ ብዬ በገበያ መሀል መሄድ ነበር ምኞቴ።

ብረት ማንሳቱን ያመጣው ጎረቤታችን ደጀኔ ነው። የቤንች ልጅ ነው፣ አባቱ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላሉ። ቀበሌያችን ግድግዳ ላይ መዶሻ ያነሳ ወዛደር ተስሎ ነበር፤ ክንዱ የበሬ ታፋ ያክላል። ሌላው ሰው ከሥሩ የተጻፈውን መፈክር ያነባል፣ ደጀኔ ክንዱን ያጠናል። አንድ ቀን ከአዲስ ቤት ግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ፣ አራት ትልልቅ የቀለም ጣሳና ሁለት የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይዞ መጣ። ከቤታችን ጓሮ ዋንዛው ሥር ሲሚንቶውን አቡክተን ጣሳዎቹን ሞላን፣ ቧንቧውን ከግራና ቀኝ ተከልንበት። ደረቀና አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብዬ እንደ እንጨት ጭነት ብድግ ላደርገው ስል ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። ደጀኔ መጀመሪያ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ግን ደንግጦ አዝሎ አስገባኝ። ለእናቴ እንደተለመደው «ብርድ ነው» አልናት። ስድን ተመልሼ ሄድኩ። የሚያስተምረን አልነበረም፤ መምህሬ ሕመሙ ራሱ ነበር። ወገቤን ካጎበጥኩ ይቀጣኛል፣ ጉልበቴን አጥፌ ብረቱን ከሰውነቴ ካስጠጋሁ ይተወኛል። በባዶ እንጨት ጀመርኩ፣ ከዚያ በድንጋይ፣ ቆይቶ በብረቱ። በየመሀሉ ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ አከርካሪዬን አስረዝመዋለሁ። ስንጨርስ የደጀኔ እናት የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል የቃሪያ ድቁስ፣ በቆጭቆጫ፣ ያቀርቡልናል፤ ላባችን ሳይደርቅ በላያችን ሌላ ላብ ይመጣል።

ቡና ቀልቶ ለቀማ ሲደርስ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ዝናብ ሳይነግረኝ መዝነብ ጀመረ። ጫማዬን ሳላስበው አሰርኩ። ትከሻዬ ሰፋ። አንድ እሑድ ያችኑ የክት ሸሚዜን ለብሼ ስወጣ እናቴ በር ላይ አስቆመችኝ። ወዲያ አዞረችኝ፣ ወዲህ አዞረችኝ። ሸሚዙ በቀኝ በኩል ተንዘላዝሏል።

«ሸሚዙ ምን ነካው?» አለች።

«ሸሚዙ እንዳለ ነው፣ እማዬ። እኔ ነኝ የተቃናሁት» አልኳት በኩራት።

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የሸሚዙን ጫፍ እንደያዘች ቁጭ አለች።

«ያን ብረት ተው።»

«ሕመሙን እኮ ነው ያስታገሠልኝ።»

«ታመምና ቁም! አንዱን በደህና ወገቡ ሰጥቻቸዋለሁ። አንተን ጠማማህን ነው የምፈልግህ!»

እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። እኔም ተናደድኩ። እናት ለልጇ ጤና ትጸልያለች እንጂ ሕመም ትለምናለች ወይ ብዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት። ዛሬ ሳስበው ማናችንም አላጠፋንም፤ የጠመመው ዘመኑ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የእኔና የደጀኔ ስም ቀበሌ ተጠራ፤ ለምርመራ ሚዛን ትሄዳላችሁ ተባልን። በዋዜማው ጠዋት ጓሮ ብንወጣ ብረቶቹ የሉም። ዋንዛው ሥር ክብ ክብ የጣሳ አሻራ ብቻ ቀርቷል። «ቧንቧውን ፈልጎ ነው የወሰደው» አለ ደጀኔ፣ ሌባውን ረገምነው። እናቴ እቤት ተኝታ ነበር፤ ወገቤን ብርድ መታኝ አለች። መቀነቷን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላትና በማግሥቱ ጥያት ሄድኩ።

በጭነት መኪና በሸኮ በኩል ሄድን። መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው፤ ከግራና ቀኝ የበሰለ ቡና ሽታ ይመጣል፣ ማንም ግን አይናገርም። ሚዛን ስንደርስ እስከ ወገባችን ተራቁተን ተሰለፍን። ሐኪሙ መነጽር ያደረገ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። ደጀኔን ደረቱን መታ መታ አድርጎ አሳለፈው። እኔንም ከፊት አይቶኝ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት የእናቴ ፊት ታየኝ።

«ዙርና ጎንበስ በል» አለኝ።

ጎነበስኩ። ጣቱ አከርካሪዬን ተከትሎ ወርዶ ጉብታው ላይ ቆመ።

«ብረት ታነሳለህ?»

«አዎ።»

«አንሳ፣ ለሥጋው ጥሩ ነው። አጥንት ግን በብረት አይቃናም። ብታነሳም ባታነሳም እኔ የማየው ይህንኑ ነበር። ልበስና ሂድ።»

ደጀኔ ከወዲያኛው ሰልፍ ሆኖ ጠራኝ። «እንኳን ቀረህልን! ሌባው ከተገኘ የኔንም ድርሻ አስመልስልኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሳቁን አልሰማሁም፤ ከሄደበት አልተመለሰም።

ቴፒ ስደርስ ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ ሮጥኩ። «እማዬ፣ መለሱኝ!» አልኩ ገና ከደጅ። እናቴ በተኛችበት እልል አለች። ልታቅፈኝ ስትነሳ ግን እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ፤ ፊቷ አመድ ሆነ። ምሰሶውን ይዛ፣ ወደ ጎን ተገልብጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተነሳች። ያን አነሣሥ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ የራሴ አነሣሥ ነው። ግን ከየት እንደመጣባት አልጠረጠርኩም። ብርድ ነው ብላለች፣ ብርድ ነው አልኩ። ወጌሻ አሻት፣ ቅቤ ተቀባች፣ ዳማከሴ ጠጣች። ወገቧ ግን እንደገና ቀና አላለም።

በበጋው ወንዙ ጎደለ። እቃ መሸከም ስለማትችል ልብሱን እኔ ተሸክሜ ለአጠባ አብረን ወረድን። ሁልጊዜ ውሃ ከሚሸፍነው ድንጋይ አጠገብ አራት የዛጉ ጣሳዎች ብቅ ብለዋል፤ ሲሚንቷቸው ነጥቷል፣ ቧንቧቸው አልተነካም። ቆምኩ። እሷም ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች ቆሜ አየችኝ። ከጓሯችን እስከዚያ ድረስ ያለው ቁልቁለት በባዶ እጅም ያንሸራትታል።

«ሁለቱንም ባንዴ?» አልኳት።

«ብመላለስ ሰው ያየኛል ብዬ። በነጠላ አዝያቸው ወረድኩ።» ወገቧን ያዝ አድርጋ፣ «ከባድ ነበሩ» አለች። «የደጀኔንም አብሬ ነው የጣልኩት። እሱን ግን አላተረፈውም።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «አንተን ግን አስቀርቼሃለሁ፤ አይደል?»

የሐኪሙ ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ብታነሳም ባታነሳም ያለው። ብረቶቹ ዋንዛው ሥር ቢቀሩም እኔ እመለስ ነበር፣ እሷም ቀጥ ብላ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ውሃው ውስጥ ገብቼ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

«አስቀርተሽኛል፣ እማዬ» አልኳት።

እስክትሞት ድረስ በዚህ ኖረች። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ለሰው ሁሉ ታወራው ጀመር። ሠርግ ላይ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ሰዎች ጎብጣ ስትራመድ አይተው «እትዬ አስካለ፣ ምነው እንዲህ?» ሲሏት በጣቷ ወደ እኔ ትጠቁማለች፤ «ይኸውላችሁ፣ ይህን ያስቀረሁበት ወገብ ነው» ትላለች። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ሆድ ይፍጀው ይሉት የለ፤ የኔ ሆድ ይህን ሲፈጅ ነው የኖረው። እውነቱን ብነግራት ወገቧ አይቃናም ነበር፤ የምትደገፍበትን ብቻ ነበር የምወስድባት።

«ጋሼ?» አለች ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች። «ከቤተሰብ የታመመ ነበር?»

«እናቴ።»

«ከምን እንደጀመራቸው ያውቃሉ?»

«ብረት አንስታ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። «በዚያን ጊዜ? እናትዎ ብርቱ ነበሩ ማለት ነው!»

«ብርቱ ነበረች» አልኩና ጉልበቴን አጥፌ፣ ብረቶቹን ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ አነሳኋቸው።