ሦስት ሹራብ የለበሰው ሕፃን

ሕፃናትን ስትመዝን ሃያ ዓመት የሞላት የጤና ጣቢያዋ ነርስ በሰፈሩ «ሚዛኗ» ትባላለች። ራሷ አልወለደችም። «የናንተው ይበቃኛል፤ በሽንቱ ያልመረቀኝ የለም» እያለች እናቶችን ታስቃለች።

የልብስ ፋብሪካው ወደ አካባቢው ሲመጣ የቧንቧ ውሃም አብሮት ገባ፤ በተቅማጥ ዝሎ የሚመጣ ሕፃን ቀነሰ። ይህን ሚዛኗ አትክድም። ግን እናቶች ከወሊድ ፈቃድ ወደ ስፌት መኪናቸው ሲመለሱ፣ ቤት የቀሩት ሕፃናት መክሳት ጀመሩ።

አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ሹራብ ደራርበውለታል። ሚዛኗ ልታወልቅለት ስትል፣ «ይበርደዋል ልጄ፣ እንዲሁ መዝኚው፤ ባለፈው ወር አንቺ ሳትኖሪ የተካችሽም እንዲሁ ነው የመዘነችው» አሏት። ሚዛኗ ተቀበለችው። ክንዷ ከሚዛን ቀድሞ ያውቃል፤ የያዘችው ልብስ እንጂ ልጅ አልመሰላትም።

ቀስ ብላ አወለቀችለት። የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ። ከሁለት ወር በፊት ከነበረውም ቀሏል።

አሮጊቷ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ልጃቸው፣ ሕፃኑ ከከሳ ሥራዋን ልትተው ምላ ኖሯል። ሹራቡ ክሳቱን መሸሸጊያ ነበር። «ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ አንገቷን ቀና ያደረገችው በዚህ ሥራ ነው» አሉ፤ «እንደገና ስትደፋ ማየት አልቻልኩም።»

ሚዛኗ አልተቆጣችም። እውነተኛውን ክብደት ካርዱ ላይ ጻፈች፤ ከዚያ የእናቲቱን የምሳ ሰዓት ጠየቀች። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ቤት ደርሶ ለመመለስ አይበቃም።

«እሷ መምጣት ካልቻለች እሱ ይሂድላታ፣ እማማ» አለች።

በምሳ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ነገራቸው። ከበሩ ውጭ ስለማጥባት ግን የታዘዘው ነገር አልነበረም፤ እናቲቱን አስጠራላቸው። ፀጉሯ ላይ ክር እንደተጣበቀ እየሮጠች መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ልጄ ምን ሆነብኝ?»

«ርቦት ነው» አለቻት ሚዛኗ፤ ካርዱንም ሰጠቻት።

ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀላትና ጀርባውን አዞረ። ሕፃኑ ጡቷን ሲይዝ ደክሞት እንደገባ ትልቅ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። እናቲቱ ካርዱን አየች፤ እናቷንም አየች።

«ሥራውን ልተወው፣ እማ?»

«አትተዪውም» አሉ አሮጊቷ። «አንቺ ስፊ። እሱን እኔ በየቀኑ አመጣልሻለሁ።»

የምሳ ሰዓት ማብቂያው ደወል ሲደወል ሕፃኑ ገና አልጠገበም። ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ ሄደና ኪሶቹን አንድ በአንድ ይዳብስ ጀመር። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።